መሬቱ ይቅደም፦ እውነተኛ የጎልፍ ሜዳን ጌም ውስጥ መልሶ ስለ መሥራት

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ሥራ ነው። የጎልፍ ጌሞች ውስጥ የሜዳ ዲዛይነር የሚባል ክፍል አለ። ባዶ መሬት ይሰጣችኋል። ኮረብታ ታነሳላችሁ፣ ሸለቆ ትቆፍራላችሁ፣ ሣር ታለብሳላችሁ፣ ዛፍ ትተክላላችሁ። አብዛኛው ሰው ከራሱ ሐሳብ አንድ ሜዳ ፈጥሮ ይጫወታል። አንዳንዶቻችንን ግን የያዘን ሌላ ነገር ነው። በእውን ያለን ሜዳ፣ ወይም ድሮ የነበረን ሜዳ፣ እንደነበረ መልሰን መሥራት እንፈልጋለን።

ሥራው ዕድሜ አለው። ታዋቂው ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስ ስሙን የሰጠው ጌም በ1990 ከነሜዳ መሥሪያው ወጥቷል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቆየት ብሎ ሊንክስ 2001 የተባለው የኮምፒውተር ጌም በሌላው ጎልፈኛ በአርኖልድ ፓልመር ስም የተጠራ መሥሪያ ይዞ መጣ። በ2014 የካናዳው ኤችቢ ስቱዲዮስ ዘ ጎልፍ ክለብን አወጣ። ዛሬ ፒጂኤ ቱር 2ኬ የሚባለው ተከታታይ ጌም የመጣው ከዚሁ ቤት ነው። አሁን ደግሞ ሲሙሌተር አለ። ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ እውነተኛ ኳስ በእውነተኛ ዱላ ስክሪን ላይ ይመታል። ከሚጫወትባቸው ሜዳዎች ብዙዎቹ በአማተሮች የተሠሩ ናቸው።

ጎልፍ የማትጫወቱ ካላችሁ ጥቂት ቃላት ልስጣችሁ። ኳሱ መጀመሪያ የሚመታበት ቦታ ቲ ነው። አጭር ሣር ያለው መንገድ ፌርዌይ፣ ዳርና ዳሩ ያለው ረጅም ሣር ራፍ፣ አሸዋ ያለበት ጎድጓዳ ቦታ ባንከር ይባላል። መጨረሻ ላይ ሣሩ እጅግ አጥሮ የታጨደበትና ባንዲራው የቆመበት ግሪን አለ። ከቲ እስከ ግሪን ያለው ሁሉ አንድ ላይ አንድ ጉድጓድ ተብሎ ይቆጠራል። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው። ሌላው እየሄድን ይገባችኋል።

የማምንበትን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እውነተኛ ሜዳ መልሶ ሲሠራ መቅደም ያለበት መሬቱ ነው። ዛፉ አይደለም፣ የክለቡ ሕንፃ አይደለም፣ አበባውም አይደለም። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ልክ ከሆነ ሜዳው አለ። ልክ ካልሆነ ግን የሠራችሁት የሜዳውን ፎቶ ነው። ጎልፍ ተጫዋቹን የሚጠይቀው በመሬቱ ነውና።

እስቲ ሁላችንም በቴሌቪዥን ያየነውን ሜዳ እንውሰድ። ጆርጂያ ውስጥ ያለው ኦገስታ ናሽናል በ1933 ተከፈተ። ንድፉን የሠሩት ጎልፈኛው ቦቢ ጆንስና የሜዳ አርክቴክቱ አሊስተር ማኬንዚ ናቸው። ማስተርስ የሚባለው ውድድር ከ1934 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያ ነው። ቦታውን በአካል ያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ዳገትና ቁልቁለት መሆኑን አላወቅንም ነበር ይላሉ። ከሩቅ የሚቀርጽ ካሜራ መሬትን ያሳጥራል፣ ጠፍጣፋም ያስመስላል። 10ኛው ጉድጓድ ከቲው እስከ ታችኛው ፌርዌይ ድረስ 30 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በስክሪን ግን ለስላሳ ቁልቁለት ነው የሚመስለው።

ወደ 13ኛው ጉድጓድ እንሂድ። ፓር 5 ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች በ5 ምት ይጨርሰዋል ተብሎ ይጠበቃል። የመጀመሪያውን አሳምሮ የመታ ሰው በሁለተኛው ምት ግሪን ላይ መድረስ ይችላል። እዚህ ላይ ነው መሬቱ የሚገባው። ፌርዌዩ ከቀኝ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። በቀኝ እጁ ለሚመታ ተጫዋች ኳሱ ከእግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥበታል። እንዲህ የተቀመጠ ኳስ ሲመታ ወደ ግራ መታጠፍ ይቀናዋል። ከግሪኑ ፊት ደግሞ ጅረት አለ። እንግዲህ ተጫዋቹ ቆሞ ያስባል። ልሞክረው ወይስ በአጭሩ መትቼ በሦስተኛው ልግባ? ያ ሰው የቆመበት ተዳፋት ነው ጥያቄውን ከባድ ያደረገው።

አሁን ይህንኑ ፌርዌይ ጌም ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ሥሩት። የአዛሊያ አበባው ይፍካ፣ ጥዱ ይቁም፣ ጅረቱም ይፍሰስ። ስክሪንሹት ብታነሱ ሰው ሁሉ ኦገስታ ነው ይላል። የሚጫወተው ሰው ግን ምንም ሳያስብ መትቶ ግሪኑ ላይ ያርፋል። ለእኔ ይህ 13ኛው ጉድጓድ አይደለም።

ታዲያ የመሬቱን ከፍታ ከየት እናመጣዋለን? ድሮ የነበረው መንገድ ዓይንና ግምት ነበር። የአየር ፎቶ ታያላችሁ፣ ውድድሩን በቴሌቪዥን ታያላችሁ፣ በመሣሪያው መሬቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። በዚህ መንገድ ድንቅ ነገር የሠሩ ሰዎች አሉ፣ ትዕግሥታቸውን አከብራለሁ። ነገሩን የቀየረው ግን ላይዳር ነው።

ላይዳር በሌዘር የሚለካ ዘዴ ነው። አውሮፕላን እያለፈ በጣም ብዙ የሌዘር ምት ወደ መሬት ይልካል። ምቱ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ ርቀቱ ይታወቃል። ደስ የሚለው ነገር ዛፍ ላይ ያለው ነው። ከጨረሩ ከፊሉ ቅጠሉን ነክቶ ይመለሳል፣ ከፊሉ በቅጠሎቹ መሐል አልፎ መሬት ይነካል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ነጥቦች ይለያያቸዋል፤ ይህ መሬት፣ ይህ ዛፍ፣ ይህ ጣሪያ ይላል። ስለዚህ ጫካውን ሁሉ አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን መሬት ብቻውን ማየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ያየ ሰው ዝም ብሎ ያፈጣል። በዛፍ የተሸፈነ አሮጌ ባንከር፣ የተተወ የቲ መደብ፣ ማንም የማያስታውሰው ቦይ ሁሉ ብቅ ይላል።

ይህ መረጃ የተሰበሰበው ለጎልፍ አይደለም። ለጎርፍ ጥናት፣ ለግንባታ፣ ለእርሻ ነው። በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤቱ ዩኤስጂኤስ በነፃ ይሰጣል። በእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ2015 ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ዳውንሎድ አድርጋችሁ፣ የምትፈልጉትን ቦታ ቆርጣችሁ፣ የከፍታ ካርታ ትሠራላችሁ። አማተሮች የጻፏቸው ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። የላይዳሩን ከፍታ ወስደው፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ሰው ከሣለው የፌርዌይ፣ የግሪንና የባንከር ቅርጽ ጋር አገናኝተው፣ ለጌሙ የሚሆን ፋይል ያወጣሉ። ድሮ ብዙ ሌሊት ይወስድ የነበረው መነሻ ሥራ አሁን በአንድ ምሽት ያልቃል። የንግድ ጌሞችም መንገዳቸው ይኸው ነው። በታይገር ዉድስ ስም ይወጣ የነበረው ጌም በ2011 ኦገስታን ይዞ ሲመጣ ሜዳው በሌዘር ተለክቶ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ ፋይሉ ሲከፈትለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። የአሜሪካ መረጃ አንዳንዴ አግድሙን በጫማ፣ ከፍታውን በሜትር ይዞ ይመጣል። ሳታዩ ከፍታውንም እንደ ጫማ ካስገባችሁት ኮረብታው ሁሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይዘቅጣል። የሚያስቸግረው ደግሞ ውጤቱ የተበላሸ አለመምሰሉ ነው። ለስለስ ያለ ቆንጆ ሜዳ ይመስላል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ብዙዎቹ የአየር ሌዘሮች የሚጠቀሙበትን ብርሃን ውሃ ይመጠዋል። ስለዚህ ኩሬው ያለበት ቦታ ባዶ ወይም የተዘበራረቀ ሆኖ ይመጣል። የውሃውን ወለልና የዳሩን ቅርጽ በእጅ መሥራት ግድ ነው። ሦስተኛው ወቅቱ ነው። ብዙ በረራዎች የሚደረጉት ዛፎች ቅጠላቸውን ባራገፉበት ጊዜ ነው። ለመሬቱ ጥሩ ነው፤ የዛፉን ግርማ ግን ከዚያ አታገኙም።

ዋናው ጉዳይ ግሪን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዩኤስጂኤስ የተለመደው ደረጃ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ነጥብ ገደማ ይሰጣል። የከፍታ ስህተቱ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለፌርዌይ ከበቂ በላይ ነው፤ ኮረብታው ላይ 10 ሳንቲሜትር ማንም አያየውም። ግሪን ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ባንዲራው የሚቆምበት አካባቢ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ተዳፋት አለው። 2 በመቶ ተዳፋት በ5 ሜትር ላይ ስንት ነው? 10 ሳንቲሜትር። ግሪኑን ግሪን የሚያደርገው ልዩነት ከመሣሪያው ስህተት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። እርግጥ በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ ያሉ ነጥቦች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ከዚያ የተሻሉ ናቸው፤ አጠቃላይ ዝንባሌውን ይነግሯችኋል። ትንንሾቹን ጉብታዎች ግን ወይ ሶፍትዌሩ አለስልሶ ያጠፋቸዋል፣ ወይ ያልነበረ ጉብታ ይጨምራል። ስለዚህ እንደ መነሻ ውሰዱት። ከዚያ የውድድር ቪዲዮ ክፈቱና ኳሱ ወዴት እንደሚታጠፍ እዩ። ከአንድ ግሪን ላይ ከተለያየ አቅጣጫ የተመቱ ኳሶችን ብትከታተሉ ግሪኑ ራሱ ቅርጹን ይነግራችኋል። በግሌ ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ፍጥነቱም አለ። ግሪን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ ጎልፈኛ በ1935 ኦክሞንት በተባለ ሜዳ ላይ የተካሄደውን የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ካየ በኋላ ነው የፈለሰፈው። ኳሱ ከትንሽ ቦይ ላይ ተንከባሎ ይለቀቃል፣ የሚሄደው ርቀት በጫማ ይቆጠራል። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ብዙ ሜዳዎችን ሲለካ አማካዩ 6 ጫማ ተኩል ገደማ ነበር። ዛሬ ትልልቅ ውድድሮች ላይ 12ና ከዚያ በላይ ይታያል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረን ግሪን በትክክለኛው ተዳፋት ሠርታችሁ የዛሬን ፍጥነት ከሰጣችሁት ኳሱ አይቆምም፣ ተንከባሎ ይወጣል። ያኔ ብዙ ሰው ተዳፋቱን መቀነስ ይጀምራል። እባካችሁ አትቀንሱት። ፍጥነቱን ቀንሱ። ሜዳውን የነደፈው ሰው ግሪኑን ሲቀርጽ ያሰበው ለዘገምተኛ ሣር ነበር።

ስለ ባንከር ደግሞ አንድ ነገር። ጌሙ መሬቱን የሚያየው እንደ ተዘረጋ አንሶላ ነው። ከፍ ማድረግ፣ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ራሱ ላይ ማጠፍ ግን አይቻልም። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ከፍታ ብቻ አለ። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ያስቸግራል፤ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ገደል ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የስኮትላንድ ባንከሮች ግን ፊታቸው በተደራረበ ሣር የተገነባ ነው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው። ላይዳሩ ይህን ወደ ጋድማ ጎድጓዳ ይቀይረዋል። እንዲህ ከተተወ ተጫዋቹ በቀላሉ መትቶ ይወጣል። እውነተኛው ባንከር ውስጥ ግን አንዳንዴ ወደ ኋላ መምታት ግድ ይላል። በእጅ አሹሉት፣ አጥልቁት፣ አስፈላጊ ከሆነ ከእውነቱ ትንሽ አብልጡት። እዚህ ላይ መመዘኛዬ ልኬቱ አይደለም፤ ኳሱ እዚያ ሲወድቅበት ተጫዋቹን የሚገጥመው ችግር ነው።

ስኮትላንድን ካነሳሁ ሴንት አንድሩስን ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ ያለው ኦልድ ኮርስ የተባለው ጥንታዊ ሜዳ ለማንኛውም የሜዳ ዲዛይነር ትልቁ ፈተና ነው። ሶፍትዌሩ አንድ ጉድጓድ አንድ ግሪን አለው ብሎ ያምናል። ኦልድ ኮርስ ላይ ግን 14 ጉድጓዶች 7 ግሪኖችን ለሁለት ለሁለት ይጋራሉ። 2ኛው ከ16ኛው፣ 3ኛው ከ15ኛው፣ እንዲህ እያለ 8ኛው ከ10ኛው። ደምሯቸው፣ ሁሉም 18 ይመጣሉ። የራሳቸው ግሪን ያላቸው 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 18ኛው ብቻ ናቸው። ፌርዌዮቹም እርስ በርስ ይገናኛሉ። ስለዚህ ጉድጓድ በጉድጓድ መሥራት አይሆንም። መሬቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ አንጥፋችሁ፣ ትልልቆቹን ግሪኖች እንደ አንድ ወጥ ቦታ ሠርታችሁ፣ ከዚያ ነው ቲዎቹንና ባንዲራዎቹን የምታስቀምጡት። ቦታው ራሱ ያደገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሬቱ ነበር፣ ጨዋታው በኋላ መጣ።

ቅድም ያነሳሁት ማኬንዚ፣ ኦገስታን ከመንደፉ ከዓመታት በፊት፣ በ1924 የዚህን ሜዳ ካርታ ሠርቷል። እያንዳንዱን ባንከር፣ የግሪኖቹን ዳር፣ ኳስ የሚመታባቸውን የተለያዩ መስመሮች ሳይቀር አስገብቷል። ያን ካርታ ባየሁ ቁጥር የእኛው ባልደረባ ነው እላለሁ። ላይዳር አልነበረውም፤ በእግሩ ለካ። ልብ በሉ፣ ቅርጹን ብቻ ሥሎ አላቆመም፤ ሰው በየት በኩል ሊመታ እንደሚያስብ ጭምር ሣለ።

አሁን ብዙ የማንነጋገርበት ጉዳይ አለ። የምትሠሩት የየትኛውን ዓመት ሜዳ ነው?

ሜዳ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ኦገስታን እንደገና እንይ። በ1934 የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ የፊተኞቹ 9 ጉድጓዶች የዛሬዎቹ የኋለኞቹ ነበሩ፤ በዓመቱ ተገለበጡ። 17ኛው ላይ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ስም የሚጠራ ትልቅ ጥድ ነበር፤ በ2014 የበረዶ ማዕበል ጎድቶት ተቆረጠ። 13ኛው ጉድጓድ በ2023 ቲው ወደ ኋላ ተገፍቶ ከ510 ያርድ ወደ 545 ያርድ ረዘመ። በ2024 መስከረም ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙ ዛፎችን ጣለ። ታዲያ ከአንድ ዓመት ላይዳር፣ ከሌላ ዓመት የሳተላይት ፎቶ፣ ከሦስተኛ ዓመት የቴሌቪዥን ቪዲዮ ወስዳችሁ ብትቀላቅሉ በየትኛውም ቀን ያልነበረ ሜዳ ትሠራላችሁ። ዓመቱን ምረጡ፣ የሜዳው መግለጫ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ አትልቀቁት።

ዓመት መምረጥ ሌላ በር ይከፍታል። ዛሬ ያለውን መሥራት ግዴታ አይደለም። ሰሜን ካሮላይና ያለው ፓይንኸርስት ቁጥር 2 በ2011 አካባቢ ሲታደስ፣ የሜዳ አርክቴክቶቹ ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ በዘመናት የተጨመረውን ሣር አንስተው ወደ ድሮው አሸዋማ ዳር መለሱት። ከመረጃዎቻቸው አንዱ በ1943 የተነሳ የአየር ፎቶ ነበር። እነሱ በዶዘር የሠሩትን እኛ በኮምፒውተር መሥራት እንችላለን።

ጎልፍ ሜዳን መቅዳት ራሱ ከጌም በፊት የነበረ ባህል ነው። አሜሪካዊው የሜዳ አርክቴክት ቻርልስ ብሌየር ማክዶናልድ ወደ ስኮትላንድና እንግሊዝ ሄዶ ምርጥ የሚባሉትን ጉድጓዶች አጠና፣ ንድፎቻቸውን ሰበሰበ። ከዚያ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ናሽናል ጎልፍ ሊንክስን ሠራ፣ በ1911 በይፋ ተከፈተ። ከቀዳቸው አንዱ ሬዳን የሚባለው ነው። ዋናው ስኮትላንድ ኖርዝ ቤሪክ ውስጥ 15ኛው ጉድጓድ ነው። ግሪኑ ከተጫዋቹ እየሸሸ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ ያዘነብላል። ግራ ፊቱን ባንከር ይጠብቀዋል። ባንዲራው ላይ በቀጥታ ከመታችሁ ኳሱ ያመልጣችኋል። በቀኝ በኩል ማሳረፍና መሬቱ እንዲወስደው መተው ነው። ማክዶናልድ የቀዳው ይህን ሐሳብ ነው። አካባቢው ሌላ፣ ሣሩ ሌላ፣ ሰማዩ ሌላ ነው፤ ተዳፋቱ ግን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ሎንግ አይላንድ ላይ የቆመ ሰው ሬዳን መሆኑን ያውቃል።

ወደዚህ ንግግር ያመጣኝ ታሪክም የዚሁ ሰው ሜዳ ነው። ስሙ ሊዶ ይባላል። ማክዶናልድና ባልደረባው ሴዝ ሬይነር ከ1914 ጀምሮ በሎንግ አይላንድ ባሕር ዳር ሠሩት። መሬቱ ረግረግ ነበር። ከጎኑ ካለው የባሕር ወሽመጥ አሸዋ በፓምፕ እየተሳበ ሜዳው ከምንም ተነስቶ ተቀረጸ። ያኔ ይህን የመሰለ ግንባታ ብርቅ ነበር። 18ኛው ጉድጓድ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ካንትሪ ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1914 የጉድጓድ ንድፍ ውድድር አወጣ። ያሸነፈው ማኬንዚ ነበር። ሊዶ ላይ የተሠራው ከዚያ ንድፍ ተነስቶ ነው። ሜዳው በ1917 ተከፈተ፣ በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች ጋርም ተቆጠረ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቦታውን ወሰደው። ሊዶ ጠፋ። አንድም ግሪን አልተረፈም።

ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ አንድ አማተር፣ የጎልፍ ሜዳ ታሪክ የሚወድ ሰው፣ በዘ ጎልፍ ክለብ ጌም ዲዛይነር ሊዶን መልሶ መሥራት ጀመረ። ላይዳር አይረዳውም፤ መሬቱ የለምና። የነበረው የድሮ የአየር ፎቶ፣ ከመሬት የተነሱ ፎቶዎች፣ ካርታና የጋዜጣ ጽሑፍ ነበር። ፎቶ ላይ የባንከር ጥላ ካለ የጥልቀቱ ፍንጭ አለ። ሰው ግሪን ላይ ቆሞ ከሆነ ቁመቱ መለኪያ ይሆናል። አንዱ ፎቶ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ሞዴሉ ይስተካከላል፣ ካሜራው በቆመበት ቦታ ጌሙ ውስጥ ይቆማል፣ ምስሉ ከፎቶው ጋር ይተያያል። ይህ ከባድ የታሪክ ጥናት ነው። ጌሙ የሰጠው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ግምትን በዓይን የሚፈተን ማድረጉ ነው።

ሞዴሉ የሳንድ ቫሊ ባለቤቶች የሆኑት የኪዘር ወንድማማቾች ጋ ደረሰ። ሳንድ ቫሊ ዊስኮንሲን ውስጥ በአሸዋማ መሬት ላይ ያለ የጎልፍ ስፍራ ነው። አርክቴክቱ ቶም ዶክ ሥራውን ያዘ። የጌሙ ሞዴል ወደ ግንባታ መረጃ ተቀየረ፣ ዶዘሮቹ በጂፒኤስ እየተመሩ ከፍታውን መሬት ላይ አወጡት። በ2023 ሊዶ እንደገና ተከፈተ። ከጥንቱ ቦታ እጅግ ርቆ፣ ባሕር በሌለበት። ባሕሩ የለም፣ የጥንቱ የክለብ ሕንፃ የለም፣ የቀረው የመሬቱ ቅርጽ ብቻ ነው። ሰዎች የሚጫወቱት ግን ሊዶን ነው። መሬቱ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ስለ መብት መጠየቃችሁ አይቀርም፣ ባጭሩ ልመልስ። ቴክሳስ ውስጥ ቱር 18 የሚባል እውነተኛ ሜዳ አለ፤ የታወቁ ጉድጓዶችን ቀድቶ የተሠራ ነው። ፔብል ቢች፣ ፓይንኸርስትና ሃርበር ታውን የተባሉት የታወቁ የጎልፍ ስፍራዎች ከሰሱት። በ1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት ነገሩን ቋጨው። የጉድጓዶቹን ንድፍ መቅዳቱ ቀጠለ፤ ሜዳው ግን ከዋናዎቹ ክለቦች ጋር ግንኙነት እንደሌለው በግልጽ እንዲናገር ተገደደ። የተከለከለው የሃርበር ታውን 18ኛ ጉድጓድ መለያ የሆነው፣ ቀይና ነጭ ዙሪያ ያለው የመርከብ መብራት ማማ ነው። ይህ የአሜሪካ ፍርድ ነው፣ ስለ ጌምም አልነበረም፣ እኔም ጠበቃ አይደለሁም። ግን አቅጣጫውን ያሳያል። ለዚህም ነው ብዙ አማተሮች ሜዳውን በሌላ ስም የሚያወጡት። የክለቡን አርማ አትጠቀሙ። ክለቡ የግል ከሆነ ድሮን ይዛችሁ አትግቡ፤ ክፍት የሆነው መረጃ ይበቃል።

መጀመር ለምትፈልጉ የምመክረው ይህ ነው። ኦገስታን አትሥሩ፣ ብዙ ጥሩ ቅጂ አለ። ሊዘጋ የተቃረበ ወይም ሊታደስ የታሰበ፣ ስም የሌለው ሜዳ ፈልጉ። የጎልፍ ሜዳ ይሸጣል፣ ይታረሳል፣ ቤት ይሠራበታል። ብዙዎቹ ሲጠፉ የሚቀረው የውጤት ወረቀት ብቻ ነው። ላይዳሩ ካለ ዛሬውኑ አውርዱና አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው በረራ ሲመጣ ሜዳው ላይኖር ይችላል። ፈቃድ ጠይቃችሁ ግቡ፣ ግሪኖቹን ዞራችሁ ፎቶ አንሱ። ቀትር ላይ ጥላ ስለሚያጥር ጉብታው አይታይም፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አንሱ። ሣሩን የሚንከባከበውን ሰው አነጋግሩ፣ ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ከማንም በላይ ያውቃል።

ከዚያ አንድ ጉድጓድ ብቻ ሥሩ። ዛፍ ሳትተክሉ፣ ባዶውን። እዚያ ለዓመታት የተጫወተ ሰው አምጡና ዝም ብላችሁ አጫውቱት። ምን ይመስላል ብላችሁ አትጠይቁት፤ ወዴት እንደሚያነጣጥር እዩ። እውነተኛው ሜዳ ላይ በሚያነጣጥርበት ካነጣጠረ ዛፍ መትከል ጀምሩ። ካልሆነ ወደ ከፍታ ካርታው ተመለሱ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።